ጠዋት የተሞላ ቋት

ውሸት ክፉ ነው ብንል የሚከራከረን አይኖርም። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ አንድ እርምጃ አለፍ ብሎ ነው። አንድም የሐሰት ቃል ከአፉ ሳይወጣ ሰው ሌላውን ሰው ሊያታልል ይችላልን? እውነት የሆነ ነገር ራሱ ሊዋሽ ይችላልን? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ፈላስፎች ሲያነሡ ስለ ነገሥታትና ስለ መንግሥታት የሚያወሩ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚገርመው ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ጥያቄውን ሲያነሡና ሲጥሉ የኖሩት በእህል ነጋዴና በቤት ሻጭ ምሳሌ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብዬ፣ ከአሮጌ መኪና ኮፈን ሥር ካለች አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ልነሣ ፈልጌአለሁ፤ ከመሪ ዘይት ቋት።

መኪና የማይነዳው አንባቢ ግር እንዳይለው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ድሮ የመኪና መሪ የሚዞረው በክንድ ጉልበት ብቻ ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ትከሻው የሚሰፋው ያለ ምክንያት አልነበረም። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚህ ሸክም አብዛኛውን ለዘይት የሚያሸክም መሣሪያ ሠራ፤ ለገበያ በወጣ የቤት መኪና ላይ የተገጠመው ግን በ1951 በክራይዝለር ኢምፔሪያል ነው። አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት አንድ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ከቋቱ ዘይት ይስብና በከፍተኛ ግፊት ወደ መሪው ጥርስ ይልካል፤ ዘይቱ ጎማዎቹን በማዞር ካገዘ በኋላ በመመለሻው ቱቦ ተመልሶ ወደ ቋቱ ይገባል። ዛሬ ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ይህን ትተው መሪያቸውን የሚያቀሉት በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በከተማችን የሚዞሩት አሮጌዎቹ መኪኖች ግን አሁንም በዘይት ይኖራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። ቤንዚን ይቃጠላል፤ ስለዚህ ይጎድላል። የሞተር ዘይትም ቢሆን በመጠኑ ይቃጠላል። የመሪ ዘይት ግን የሚዞረው በዝግ መንገድ ውስጥ ነው፤ አይበላም፣ አይቃጠልም። ስለዚህ ጎደለ ማለት አንድ ቦታ ፈሰሰ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። በየሳምንቱ የመሪ ዘይት የሚጨምር ሰው "መኪናዬ ያፈሳል ወይስ አያፈስም?" ብሎ የሚጠራጠርበት መንገድ የለውም። ጠርሙሱን ሲያነሣ እጁ አውቋል።

የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ነው። የቱቦው ማሰሪያ ይላላል፤ ቀለበት የምትመስለው የጎማ መከልከያ በሙቀት ትደርቃለች፤ ቱቦው ይሰነጠቃል። ቋቱም ራሱ ዕድሜና የሞተር ግለት ሲፈራረቁበት አንገቱ አካባቢ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ያወጣል። ብልህ መካኒክ ሲፈልገው አስቀድሞ ሁሉንም በጨርቅ ጠርጎ ያደርቃል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ረዳቱን መሪውን ግራና ቀኝ እንዲያዞር ያዝዘዋል፤ እሱ ባትሪውን ይዞ ያያል። ዘይት ቁልቁል ስለሚወርድ የረጠበው ታች ቢሆንም የተሰነጠቀው ላይ ነው። ስለዚህ መካኒኩ እርጥበቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ማሰሪያ ከሆነ ማጥበቅ፣ ቱቦ ከሆነ መለወጥ፣ ቋት ከሆነ ሌላ ቋት ማምጣት ነው። ፍሳሽ ያቆማል ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽም አለ፤ የደረቀ ጎማን አሳብጦ ለጊዜው ይይዝ ይሆናል፤ የተሰነጠቀ ፕላስቲክን ግን አይጠግንም።

ካልተጠገነስ? ቋቱ ሲጎድል ፓምፑ ከዘይቱ ጋር አየር ይስባል። ዘይቱ አረፋ ያወጣል፤ መሪው ሲዞር ጭንቅ የያዘው እንስሳ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ፓምፑን የሚያለሰልሰው ያው ዘይት ስለሆነ ዘይቱ ባነሰ ቁጥር ፓምፑ ራሱን እየበላ ይሄዳል። በመጨረሻ መሪው ይከብዳል። ጨርሶ አይጠፋም፤ ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዘው ብረት እንዳለ ነው። ነገር ግን በሁለት ጣት ማዞር የለመደ ሰው ኩርባ ላይ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት፣ መሪው ድንገት እንደ ድንጋይ ሲሆንበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። የፈሰሰው ዘይት የጋለ የጭስ መውጫ ላይ ከተንጠባጠበ ደግሞ ይጨሳል፤ ሊነድም ይችላል። ጉዳዩ ትንሽ የሚመስለው እንግዲህ ኮፈኑ እስኪዘጋ ድረስ ነው።

ዝምታ መደበቅ ነውን?

ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ኮሮላ ነበረኝ። የመሪ ዘይት ቋቱ ከመመለሻው ቱቦ አንገት ሥር ተሰንጥቆ ነበር። መካኒኩ በጥፍሩ እየነካ አሳይቶኛል። ማጣበቂያ ለጊዜው ቢይዘውም ሙቀቱና ዘይቱ ተባብረው አላቀቁት። ሶማሌ ተራ ወርጄ የፈለግሁት ቋት ሁሉ ከእኔው የባሰ ያረጀ ሆነ። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ጠዋት አንድ ሲኒ የምትሆን ዘይት እየጨመርሁ እነዳ ነበር። በኋላ መኪናውን ለመሸጥ ወሰንሁና ሰዎች የሚያከብሩት አንድ ሸምገል ያለ ደላላ ዘንድ ሄድሁ። ስለ ቋቱ ስነግረው ሳቀብኝ።

"ስማኝ ልጄ" አለኝ፤ "ከጠየቀህ ትነግረዋለህ። ካልጠየቀህ ምን አስለፈለፈህ? ጠዋት ሙላው፣ በጨርቅ ጥረገው፣ በቃ። መኪናው አሮጌ መሆኑን ሰውየው ያውቃል። አሮጌ ያፈሳል። እርጅና ገዝቶ ጤና ሊጠብቅ ነው እንዴ?"

እኚህ አዛውንት ክፉ ሰው አልነበሩም። እንዲያውም በዚያች በሦስት ደቂቃ ንግግራቸው የአንድ የታወቀ ፈላስፋ ጠበቃ ሆነው መቆማቸውን እሳቸውም አላወቁም፣ ያን ጊዜ እኔም አላወቅሁም። ሲሴሮ የተባለው ሮማዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ አቴና ለትምህርት ለሄደው ልጁ ስለ ሰው ግዴታዎች መጽሐፍ ጽፎለት ነበር። በሦስተኛው ክፍል የሁለት ፈላስፎችን ክርክር ያቀርባል፤ የባቢሎኑን ዲዮጋንስና የደቀ መዝሙሩን የአንቲጳጥሮስን። አንድ ሰው ቤት ይሸጣል። ቤቱ ለጤና የማይስማማ፣ በየመኝታ ክፍሉ እባብ የሚወጣበት፣ እንጨቱ የበሰበሰ ነው። ይህን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። መናገር አለበትን?

አንቲጳጥሮስ አዎን ይላል። ለጠፋበት መንገደኛ መንገድ አለማሳየት ነውር ከሆነ፣ ገዢ ዓይኑን ጨፍኖ ገደል ሲገባ ዝም ማለት ከዚያ የባሰ ነው። ዲዮጋንስ ግን የደላላዬን መልስ ይመልሳል። ማን ግዛ ብሎ አስገደደህ? ዝም ማለትና መደበቅ ለየቅል ናቸው። አሁን ስለ አማልክት ባሕርይ የማውቀውን ባልነግርህ ደብቄሃለሁ ማለት ነውን? ያንን ማወቅ ከስንዴ ዋጋ የበለጠ ይጠቅምህ የለም? ሰው ለሌላው የሚጠቅመውን ሁሉ የመናገር ግዴታ ካለበትማ መሸጥ የሚባል ነገር ቀርቶ ሁሉም በነፃ ይሰጥ!

መልሱ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ካለ ደግሞ ደጋግሞ ያስብበት። ዲዮጋንስ ልክ የሆነበት ነገር አለ። ሻጭ የገዢ ሞግዚት አይደለም። የተቧጨረውን ቀለም፣ ያለቀውን ጎማ፣ የተቀደደውን ወንበር ገዢው በዓይኑ ያያል፤ ዋጋውንም በዚያው ይቆርጣል። ይህን ሁሉ እየቆጠሩ መዘርዘር ሞኝነት ነው። ታዲያ የትኛው ዝምታ ነው መደበቅ የሚሆነው? ሲሴሮ የሰጠው ፍርድ ዛሬም የሚሻር አይመስለኝም። ዝም ማለት ሁሉ መደበቅ አይደለም፤ አንተ የምታውቀውን፣ ሌላው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ነገር፣ ለራስህ ጥቅም ስትል እንዳያውቀው ስትፈልግ ግን እየደበቅህ ነው።

የዘይቱ ነገር ከቤቱም አንድ ደረጃ ይረቅቃል። የቤት ሻጩ እባቡን አላባረረም፤ ዝም ብቻ አለ። የመኪና ሻጩ ግን ጠዋት ተነሥቶ ቋቱን ይሞላል፣ ይጠርጋል። ገዢው አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ኮፈኑን ሲከፍት የሚያየው ነገር እውነት ነው። ቋቱ ሞልቷል። ዙሪያው ደርቋል። ከአራት ሰዓት አኳያ ሐሰት የለበትም። ከሳምንቱ አኳያ ግን ውሸት ነው። የታየው ነገር ሁሉ እውነት ሆኖ የተላለፈው መልእክት ሐሰት የሚሆንበት አጋጣሚ እንግዲህ አለ ማለት ነው። "ያየኸውን ነው የሸጥሁልህ" የሚል ሻጭ፣ የሚታየውን ራሱ አሰናድቶ እንዳሳየ ይረሳል።

"ቋት መሙላት ኃጢአት ነው እንዴ? አንተስ ሰኞ ሰኞ ትሞላ አልነበር?" የሚለኝ አይጠፋም። ደግ ጥያቄ ነው። የሰኞዋ ሲኒ ዘይትና ለገዢ ሲባል የምትጨመረው ሲኒ ዘይት አንድ ናቸው፤ ቋቱም ያው፣ እጁም ያው ነው። የመጀመሪያዋ ግን ለፓምፑ የተጨመረች ናት፤ ሁለተኛዋ ለገዢው ዓይን። ሕግ የሚያየው እጅን ነውና ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል፤ ሰው ግን ለማን እንደሞላ ራሱ አይጠፋውም።

እውነት ተናግሮ ያለመታመን

የመጣው ገዢ ገና ወጣት ነበር። መኪናውን ለእንጀራ ነበር የፈለገው፤ ገንዘቡ እኅቱ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የላከችው ነበር። አጎቱን ይዞ መጣ። ኮፈኑን ከፈቱ፣ ዘይቱን አዩ፣ መሪውን አዞሩ። ስለ ቋቱ የጠየቀኝ የለም። እኔ ነገርኋቸው፤ ስንጥቁንም በጣቴ አሳየሁ። ወጣቱ አጎቱን አየ። አጎትየው መኪናውን፣ ከዚያም እኔን፣ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ይህን የነገረን ሰው ያልነገረን ስንት ቢኖር ነው?" ብለው ልጁን በክንዱ ይዘው ሄዱ። ደላላው "አየህ ልጄ፤ እውነት ተናግረህ ውሸታም ሆንህ" አሉኝ።

በእውነት ለመናገር በአጎትየው ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ትክክለኛ ሒሳብ የሠሩት እሳቸው ነበሩ። የሠሩት ሒሳብ እኔን የሚመለከት አልነበረም፤ እኔን አያውቁኝም። ገበያውን ነው ያሰሉት። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ይህንኑ አስረድቷል፤ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ካስገኘለት ሥራ ዋነኛው ይኸው ነው። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ነበር። ሻጭ የመኪናውን ጤንነት ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢው ማወቅ ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ደህና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ መሸጥ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል። የሚቀረው የባሰው ነው። ይህ ሲታወቅ ዋጋው እንደገና ይወርዳል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ገበያው ራሱን ይበላል፤ ዘይት እንዳጣው ፓምፕ ማለት ነው። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ብልሹ መኪና "ሎሚ" ይሉታል። ለጥምቀት ሎሚ ለሚወረውር ሕዝብ ስድቡ ግር ይላል፤ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ የደላላዬ ክርክር ይሰበራል። "አሮጌ ያፈሳል፤ ዋጋው ውስጥ ተቆጥሯል" ብለውኝ ነበር። እውነት ነው፤ የአሮጌ መኪና ዋጋ ያልታወቀ በሽታን አስቀድሞ ይቆጥራል። ነገር ግን የሚቆጥረው የሌሎችን ዝምታ ነው። ሻጮች በሙሉ ዝም ስለሚሉ ነው ገዢዎች በሙሉ የሚጠረጥሩት፤ ገዢዎች በሙሉ ስለሚጠረጥሩ ነው ሻጭ "ብናገር እከስራለሁ" የሚለው። ጠዋት ሞልቶ የሸጠ ሰው የጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም። ከእሱ ቀጥሎ እውነት የሚናገረውን፣ አይቶትም የማያውቀውን ሻጭ ጭምር ጎድቷል። ቃል እንደ ገንዘብ ኖት ነው፤ ሐሰተኛው ሲበዛ እውነተኛውም ብርሃን ላይ እየተያዘ ይታያል። እኔን ያላመኑኝ አጎት እዳ የጠየቁኝ ከእኔ በፊት የሸጡት ሰዎች የተበደሩትን ነበር።

"ሕግ የለም ወይ?" እንል ይሆናል። አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሚሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ገዢው ጉድለቱን እያወቀ ከገዛ ደግሞ ዋስትናው ይቀራል። ይህችኛዋ ሐረግ የምታምር ናት፤ ለሻጭ ከተጠያቂነት የሚያድነው መንገድ መናገር ነው እያለችው ነው። ሮማውያንም ቢሆኑ፣ ሲሴሮ እንደሚተርከው፣ በጥንቱ የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ሻጭን የሚጠይቁት በአፉ ስለተናገረው ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን የሕግ አዋቂዎቻቸው ዝምታንም ያስቀጡ ጀመር። ሆኖም ሕግ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ቋቱ በሽያጩ ቀን ተሰንጥቆ እንደነበረ፣ ሻጩም ያውቅ እንደነበረ ማን ይመሰክራል? ቦሎ ለመለጠፍ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው ምርመራም የሚያየው የአንዷን ቀን ሁኔታ ነው፤ ለዚያች ቀን ደግሞ ቋት ይሞላል። ስለዚህ ጉዳዩ ተዟዙሮ የሚመለሰው የሚያውቀው ሰው ዘንድ ነው።

ስለ ድኻ ሻጭና ስለ ሰምና ወርቅ

ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሳላነሣቸው ባልፍ ለደላላዬ አልፈርድላቸውም።

አንደኛው እንዲህ ይላል። አንተ መናገር የቻልህ ቸግሮህ ስላልሸጥህ ነው። እናቱ ሆስፒታል የተኛችበት ሰው፣ ነገ ጠዋት ብር የሚፈልግ ሰው፣ ገዢ እስኪያምነው ድረስ ስንት ገዢ ያባርር? እውነት እንግዲህ የተረፈው ሰው ቅንጦት መሆኗ አይደለምን?

ይህን ተቃውሞ በትምክህት የሚያጣጥል ሰው ችግር ምን እንደሆነ አያውቅም። ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ዝምታ ኪሳራውን አያጠፋውም፤ ያስተላልፈዋል። የሚቀበለውም ባለጸጋ አይደለም። ባለጸጋ አሮጌ ኮሮላ ለእንጀራ አይገዛም። የሚቀበለው የእኅቱን የስደት ደመወዝ ይዞ የመጣው ልጅ ነው። ሲተላለፍ ደግሞ በልኩ አይተላለፍም፤ እያደገ ነው። ሻጩ ቢናገር ከዋጋው የሚቀነሰው የአንድ የፕላስቲክ ቋትና የእጅ ዋጋ ነበር። ዝም ሲል የማያውቀው ገዢ ዘይቱን ሳያይ ይነዳል፤ ያን ጊዜ የሚበላሸው ፓምፑ ነው፤ ከባሰም ከዚያ በላይ የሆነ ነገር። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ይህን ነው። ድኻው ሻጭ ያተረፋት ትንሽ ናት፤ ድኻው ገዢ የሚያጣው ብዙ ነው፤ መካከል ላይ የጠፋው ማንንም ሳይጠቅም መሬት ላይ የፈሰሰ ሀብት ነው። ለቸገረው ሰው ማዘን ተገቢ ነው፤ ዝምታው ግን ችግርን ከድኻ ወደ ድኻ ማሻገር መሆኑን ሳንረሳ እንዘን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ባህል የሚመነጭ ነው። እኛ ሰምና ወርቅ የምናደንቅ ሕዝብ ነን። ሁሉን ገልጦ የሚናገር ሰው "ባዶ ነው" ይባላል፤ መደበቅ ዕውቀት ነው፣ ጨዋነትም ነው። ታዲያ ገዢ ወርቁን ማውጣት ካቃተው ጥፋቱ የማን ነው?

እኔ ግን በቅኔና በገበያ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት ይታየኛል። ቅኔ የሚሰማ ሰው ወርቅ እንዳለ ያውቃል። ባለቅኔው ሰሙን የሚያስቀምጠው እንዲቀልጥ ነው፤ ወርቁ ሳይገኝ ቢቀር መጀመሪያ የሚያዝነው እሱ ነው። የተደበቀው ነገር ሰሚውን ሊያከብርበት የተደበቀ ነው። ጠዋት የተሞላው ቋት ግን እንዳይገኝ የተደበቀ ነው። ገዢው ቢያገኘው የሚያዝነው ሻጩ ነው። ስለዚህ የባህላችንን ዘዴ ለዚህ ዝምታ ምስክር አድርጎ ማቆም ባህሉን ማማት ነው።

ስለ ሐቀኝነት ሲወራ አንዳንድ ሰው "ሐቀኛ ሁን፤ ያዋጣሃል" ብሎ ይመክራል። ምክሩ ደግ ቢሆንም መሠረቱ ይነቃነቃል። አማኑኤል ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ውስጥ ልጅም ሆነ ዐዋቂ ሲገዛው አንድ ዓይነት ዋጋ የሚጠይቅ ባለሱቅ አለ። ካንት ይጠይቃል፦ ባለሱቁ ይህን የሚያደርገው ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ ከሆነ ሐቀኝነቱ የት ላይ ነው? እኔ እንደ ቅን ነገር የቆጠርሁት የባለሱቁን ስሌት የሚያፈርሰውን አጋጣሚ ነው። እውነት ተናግሬ ገዢ አጣሁ። አላዋጣኝም። ታዲያ መናገሩ ትክክል መሆኑ ቀረ? የቀረ አይመስለኝም። ልጁ ባያምነኝም ቢያንስ የስንጥቁን ቦታ አይቶ ነው የሄደው፤ ቀጥሎ የሚያየውን መኪና ቋት በጣቱ ሳይዳብስ እንደማይገዛ እገምታለሁ።

መኪናው በኋላ ለአንድ የታክሲ ሹፌር ተሸጠ። ስንጥቁን ሳሳየው ጎንበስ ብሎ ተመለከተና "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" ብሎ የቋቱንና የእጅ ዋጋውን ቀንሶ ከፈለኝ። ይህን የማነሣው እውነት በመጨረሻ ታሸንፋለች ለማለት አይደለም፤ ይህ ሹፌር ባይመጣ ኖሮም ክርክሬ ያው ነበር። የማነሣው አንድ የታወቀ ጉድለት ለሚያውቅ ሰው ዋጋ ያለው ዕውቀት መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ሹፌሩ መኪና ብቻ አልገዛም፤ ስለ መኪናው የማውቀውንም ጭምር ገዛ።

ነገሩ ከመኪና ያልፋል

ከክረምት በፊት ጣራው የሚያፈስበትን ቤት ኮርኒስ ቀለም ቀብቶ የሚያከራይ አከራይ፣ ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ሳምንት መጋዘኑን ከጎረቤት ተበድሮ የሚሞላ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የሪፖርት ወር ሲደርስ የሚነቃ መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም ጠዋት የተሞሉ ቋቶች ናቸው። የሚያሳዩት ነገር በታየበት ሰዓት እውነት ነው። ቋንቋችን ደግሞ የመኪናውንም ሆነ የሰዎችን አቅጣጫ ያዥ በአንድ ቃል "መሪ" ብሎ ይጠራል። የትኛው መሪ በየትኛው ሰዓት እንደሚከብድ አስቀድሞ የሚያውቀው ዘይቱን የሚሞላው ሰው ብቻ ሲሆን፣ የሚጎዱት ግን ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡትና መንገድ የሚሻገሩት ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ባለቤት ይለዋውጣሉ። እያንዳንዱ ርክክብ ላይ ቁልፍና የባለቤትነት ደብተር ይተላለፋል። ዕውቀቱስ? የእኔ መልስ ይህ ነው። መሸጥ ማለት ዕቃውን ከነሚያውቁት ማስረከብ ነው። መኪናው ከእጄ ወጥቶ ስለ መኪናው የማውቀው እኔ ዘንድ ከቀረ፣ የሸጥሁት ግማሹን ነው፤ የቀረው ግማሽ ዕዳ ሆኖ ከእኔ ጋር ይኖራል። ውሉ ላይ "አሁን ባለበት ሁኔታ" ተብሎ ቢጻፍም ሁኔታውን የሚያውቀው ከፈራሚዎቹ አንዱ ብቻ ከሆነ ቃሉ ለሁለቱም አንድ ነገር አይናገርም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ስንጥቅም እንደዚያው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲያውቀው ሸክም ነው፤ ጠዋት እየተነሣ መሙላት፣ መጥረግ፣ "ይጠይቀኝ ይሆን?" እያለ የገዢን ዓይን መከተል አለበት። ለሚመለከታቸው ሁሉ ሲነገር ግን ወዲያው ተራ ነገር ይሆናል፤ ዋጋ የሚቆረጥለት፣ መለዋወጫ የሚፈለግለት፣ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ። ስንጥቁ የተነገረው ዕለት አይደፈንም፤ የሚደፍነው ሰው ግን ከዚያች ዕለት ጀምሮ ይኖረዋል።